«ኢኮኖሚው መቼ ነው የሚመጣው?»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። በአንድ ማተሚያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ የሕንፃ በርና መስኮት በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ለ14 ዓመት ሠርቷል፤ የሽያጭ ኃላፊ ነበር። የዛሬ ዘጠኝ ወር ግንባታው ሁሉ ቀጥ ሲል እሱንና ብዙ ባልደረቦቹን አሰናበቷቸው። ሲያሰናብቷቸው «ሥራው ሲመለስ መጀመሪያ የምንጠራው እናንተን ነው» አሏቸው።

ባለቤቴ ይህችን ቃል ይዞ ተቀምጧል። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ የኢኮኖሚ ዜና ይሰማል፣ ማታም እንዲሁ። «ወለድ ቀንሰዋል፣ አሁን ግንባታው ይነሳል» ይለኛል። «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይሻሻላል ተብሏል» ይለኛል። ሩብ ዓመቱ ያልፋል፣ ሌላ ይተካል። የሥራ ቦርሳው ዛሬም በሩ አጠገብ ነው። የስልኩን ድምፅ ሌሊት እንኳ አይቀንሰውም።

እኔ ማመን አቃተኝ። በእኔም መሥሪያ ቤት ሥራው ከሳምንት አምስት ቀን ወደ አራት ወርዷል፤ ደመወዜም በዚያው ልክ ተቀንሷል። ዜናው «ኢኮኖሚው እያገገመ ነው» ሲል፣ የት? እላለሁ። ይህን ስናገር «አንቺ ሁልጊዜ የሚታይሽ ጨለማው ነው፤ ያለችኝን ተስፋ አትግደይብኝ» ይለኛል። እናም ዝም ማለት ጀመርኩ።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ሥራ አግኝቶ ነበር። የመጋዘን ኃላፊነት ነው፤ ደመወዙ የቀድሞውን 60 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። «እሱን ከያዝኩ በኋላ ቢጠሩኝስ?» ብሎ ተወው። አሁን ያው ድርጅት እንደገና ደውሎለታል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ይፈልጋሉ። ያጠራቀምነው ቢበዛ አምስት ወር ቢያቆየን ነው።

አንድ ነገር አልደብቅዎትም። ላለፉት አራት ወራት ከደመወዜ ትንሽ ትንሽ እያነሳሁ እሱ በማያውቀው ሒሳብ አስቀምጣለሁ። ለልጆቻችን ትምህርት ብለን በአክሲዮን ያኖርነውንም ዋጋው ጭራሽ ሳያልቅለት ሸጬ ጥሬ ገንዘብ ባደርገው ደስ ይለኛል፤ እሱ ግን አይሆንም ብሏል።

ባለፈው ሳምንት የስምንት ዓመቷ ልጄ «አባዬ፣ ኢኮኖሚው መቼ ነው የሚመጣው?» አለችው። ሰው መስሏታል። እሱ ሳቀ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

እባክዎ ይንገሩኝ፤ እውነት ያገግማል? ጥፋቱስ የማን ነው፤ የእኔ ጥርጣሬ ወይስ የእሱ ተስፋ?

ተጠራጣሪዋ እናት

መልስ፦

እህቴ፣

ከደብዳቤሽ ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ የልጅሽ ጥያቄ ነው። ኢኮኖሚ ሰው ቢመስላት አልፈርድባትም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ስሙን የምትሰማው እንደሚጠበቅ እንግዳ ነው፤ ሊመጣ ነው፣ ዘገየ፣ መንገድ ላይ ነው፣ ቀረ። አባቷ ቦርሳውን በሩ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀዋል፤ እናቷ አይመጣም ብላ በሆዷ ይዛዋለች። አንቺን ያስለቀሰሽ ልጅቷ ሳታውቀው ቤታችሁን ልክ እንደሆነ አድርጋ ስለተናገረችው ይመስለኛል።

ለጠየቅሽኝ በቀጥታ ልመልስ። መጠራጠርሽ ጥፋት አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ፤ የሚገባውንና የሚወጣውን በየቀኑ የምትመዘግቢው አንቺ ነሽ። የሥራ ቀንሽ ተቀንሶ፣ ባልሽ ቤት ተቀምጦ «ተሻሽሏል» ሲሉሽ «የት?» ብትዪ ያየሽውን መናገርሽ ነው። በዚህ ጉዳይ ከእኔና ከአንቺ እጅግ የሚያውቁ ሰዎችም ስተዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ በ1929 ከወደቀ በኋላ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር በሜይ 1930 ክፉው ጊዜ እንዳለፈ እንደሚያምኑ በአደባባይ ተናግረው ነበር። የኢኮኖሚው ድቀት ግን እስከ 1933 እየከፋ ሄዶ፣ ከ4 ሠራተኞች 1ዱ ያህል ሥራ ፈት ሆነ። በኖቬምበር 2008 ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥ የለንደንን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሲጎበኙ፣ ያን ሰሞን የነበረው የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ እንዴት ማንም ሳያየው ቀረ ብለው ምሁራኑን ጠየቁ። ጥያቄያቸው እንደ ልጅሽ ጥያቄ ቀላል ነበር። የእንግሊዝ ምሁራን መልሳቸውን በደብዳቤ ጽፈው ያቀረቡላቸው ከወራት በኋላ፣ በጁላይ 2009 ነው።

ባለቤትሽም ግን ያለ ምክንያት አይደለም ተስፋ የሚያደርገው፤ ይህንን ልትሰሚልኝ ይገባል። በኤፕሪል 2020፣ ወረርሽኙ ሁሉን በዘጋበት ወር፣ በአሜሪካ የሥራ አጡ ቁጥር ወደ 15 በመቶ ገደማ ሲወጣ «ይህ በአሥር ዓመትም አይስተካከል» ብለው የደመደሙ ብዙ ነበሩ። በ2022 ቁጥሩ ከወረርሽኙ በፊት ወደነበረበት ተመልሶ ነበር። እንደዚያ ፈጥኖ የሚነሳም አለ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ የአክሲዮን ገበያው በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ጣሪያ እንደገና ያለፈው በ2024 ነው። የግሪክ ኢኮኖሚ ከ2008 በኋላ በነበሩት ዓመታት ሩብ ያህሉን አጥቷል፤ በ2013 ሥራ አጥነቱ ከ27 በመቶ በላይ ነበር። እንግዲህ «ያገግማል ወይ?» ስትዪኝ አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል እልሻለሁ። «መቼ?» ካልሽኝ ግን ከወራት እስከ አሥርት ዓመታት የሚሰፋ መልስ ነው ያለው፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የቤት ወጪ ማቀድ አይቻልም።

አሁን የሁለታችሁን ጠብ በቅርበት ልየው። እኔ እንደሚገባኝ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እያወራችሁ፣ ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ የምትጣሉ ይመስለኛል። እሱ የሚያወራው ስለ ኢኮኖሚው ነው፤ አንቺ የምታወሪው ስለ ቤታችሁ ነው። ሁለቱ የሚነሱት በአንድ ቀን አይደለም። ይህን ያህል እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው ስለ 2008ቱ ትልቅ ድቀት የተመዘገበውን ስለማውቅ ነው። በአሜሪካ ድቀቱ የጀመረው በዲሴምበር 2007 ሲሆን፣ ያበቃው በጁን 2009 ነው ተብሏል። ይህን የሚወስነው የምሁራን ኮሚቴ ማብቃቱን ያሳወቀው ግን በሴፕቴምበር 2010 ነው፤ ካበቃ ከ15 ወር በኋላ መሆኑ ነው! «አበቃ» ከተባለበት ወር በኋላም የሥራ አጡ ቁጥር መውጣቱን አላቆመም፤ በኦክቶበር 2009 10 በመቶ ደረሰ። የጠፋው የሥራ ቦታ በቁጥር ተመልሶ የሞላው በ2014 ነው። በነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ «ኢኮኖሚው እያገገመ ነው» የሚለው ዜና እውነት ነበር። «እኔ ሥራ የለኝም፣ የት አለ ማገገሙ?» ያለውም ሰው እውነቱን ነበር። ጉድጓድ የገባ ሰው የመጀመሪያውን እርከን ሲረግጥ «መውጣት ጀመረ» ይባላል፤ ፀሐይ ግን ገና አላገኘውም።

ሥራ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል ካልሽ፣ በመሥሪያ ቤትሽ አስቢው። ነገ ትዕዛዝ ቢጨምር አሠሪሽ በማግስቱ አዲስ ሰው ይቀጥራል? አይቀጥርም። መጀመሪያ አምስተኛውን ቀን ይመልስላችኋል። ቀጥሎ ትርፍ ሰዓት ያሠራችኋል። ከዚያ ለአጭር ጊዜ በኮንትራት ሰው ይይዛል። ቋሚ ሠራተኛ የሚቀጥረው ትዕዛዙ እንደማይመለስበት ልቡ ካመነ በኋላ ነው። አንዴ የተቃጠለ አሠሪ ልቡ ቶሎ አያምንም።

የባለቤትሽ ሥራ ደግሞ ከዚህም የራቀ ነው፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያደረገኝ ይህ ነው። እሱ ይሸጥ የነበረው በርና መስኮት ነው። ወለድ ሲቀንስ የግንባታ ባለቤቶች ወዲያው ወደ ሥራ አይገቡም፤ ብድሩን ይጠይቃሉ፣ ንድፉን ያሠራሉ፣ ፈቃድ ያወጣሉ፣ ከዚያ መሠረት ይቆፈራል፣ ምሰሶው ይቆማል። መስኮት የሚገጠመው ሕንፃው ከቆመ በኋላ ነው። እንግዲህ ባለቤትሽ ስለ ግንባታው ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ነገ ጠዋት ቆፋሪዎቹ ቢገቡ እንኳ፣ ያ የሚጠብቀው ስልክ የሚደወለው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

ይህን ከእኔም ከአንቺም ይልቅ እሱ ያውቀዋል። 14 ዓመት የኖረበት ሥራ ነው። ስለዚህ «ኢኮኖሚው አይመለስም» ብለሽ ከመከራከር ይልቅ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፤ ለማሸነፍ ሳይሆን ከልብሽ መልሱን ፈልገሽ፦ «ዛሬ አንድ ሕንፃ መሠረቱ ቢቆፈር፣ የእናንተ ትዕዛዝ የሚመጣው ከስንት ወር በኋላ ነው?» ከዚያ ዝም በዪና ስሚው። ዘጠኝ ወር ሙሉ የሙያውን ነገር የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሲያስረዳሽ ድምፁ ራሱ ሲለወጥ ትሰሚያለሽ። የሚነግርሽን ወር ቁጥር አንቺ ከያዝሽው አምስት ወር ጎን ሲያስቀምጡት ነገሩ በራሱ ይናገራል፤ ያንን ድምዳሜ አንቺ ባትጭኝበት፣ እሱ ራሱ ቢደርስበት እመርጣለሁ።

ሌላም ሊያጣራው የሚችለው ነገር አለ። እዚያ የቀሩ ባልደረቦች ይኖሩታል። ለአንዱ ይደውልና ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የቀሩት ሰዎች ሙሉ ሰዓት ይሠራሉ ወይ? ከተሰናበቱት አንድ ሰው እንኳ ተጠርቷል ወይ? የዋጋ ማቅረቢያ የሚጠይቁ ደንበኞች ጨምረዋል ወይ? የቀሩት ራሳቸው ግማሽ ቀን እየሠሩ ከሆነ እሱን የሚጠሩበት ቀን ቅርብ አይደለም። አንቺም የራስሽ መስኮት አለሽ። ማተሚያ ቤታችሁ ደንበኞች ዕዳቸውን የሚከፍሉት በስንት ቀን ነው? ባለፈው ዓመት በ30 ቀን ይከፍል የነበረው አሁን 70 ቀን ከፈጀበት፣ ያ ቁጥር ከማንኛውም ዜና በላይ ይነግርሻል። ማጠር ሲጀምር ደግሞ፣ እባክሽ፣ ለባልሽ መጀመሪያ የምትነግሪው አንቺ ሁኚ። ክፉውን ብቻ ሳይሆን ደጉንም የምታዪ መሆንሽን ሊያውቅ ይገባዋል።

አሁን ስለ እሱ ላውራ፤ ብዙ ያሳሰበኝ እሱ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኦስትሪያ ማሪየንታል የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። መንደሯን ያኖራት አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲዘጋ አብዛኛው ሰው ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ የምትባል ወጣት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እዚያ ሄደው ሰዉን በቅርብ ተመለከቱት። ከመስኮት ሆነው በዋናው መንገድ የሚያልፈውን ሰው እርምጃ በሰዓት ለኩ። ወንዶቹ በቀስታ ይራመዱ፣ መንገድ ላይም ደጋግመው ይቆሙ ነበር። ሴቶቹ ፈጠን ይላሉ፤ የቤቱ ሥራ አልተዘጋባቸውምና። ከሁሉ የሚገርመው፣ ሰዉ እንዲያ ጊዜ ተርፎት ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው መጽሐፍ ብዛት በግማሽ ያህል ቀነሰ። ጊዜው ሲበዛ የሚሠሩበት አጡ።

ይህን የምነግርሽ ባልሽ ሰነፍ አለመሆኑን እንድታዪው ነው። መጠበቅ ሰውን ይበላል። ሌሊት የስልኩን ድምፅ የማይቀንስ ሰው እንቅልፍ አይተኛም፤ ልቡ እንደተንጠለጠለ ያነጋል። እኔም ከብዙ ዓመት በፊት እንዲሁ «እንጠራሃለን» ተብዬ ወራት ጠብቄ አውቃለሁ፤ የጎዳኝ ገንዘብ ማጣቱ ብቻ አልነበረም፣ ስልክ እንዳያመልጠኝ ብዬ ከቤት መውጣት መተዌ ነው። ባልሽ «ተስፋዬን አትግደይብኝ» ሲልሽ ስለ ኢኮኖሚው ብቻ የሚያወራ አይመስለኝም። ምናልባት «አሁንም ያ የሽያጭ ኃላፊ ነኝ፣ ዕቃ ጠባቂ አይደለሁም» ማለቱ ቢሆንስ? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? መጋዘኑን ሲያስብ ምን እንደሚሰማው፣ ማን ሲያየው እንደሚያፍር፣ የድሮ ደንበኛው እዚያ ቢያገኘው ምን እንደሚሆን? ያንን ሳትሰሚ ስለ ደመወዙ ብታወሪው የምትነጋገሩት ጎን ለጎን ነው።

ስለ ሥራው የእኔን ሐሳብ ከፈለግሽ አልሸሽግሽም፦ ቢይዘው እመርጣለሁ። ደመወዙ ወደ ቀድሞው 60 በመቶ መውረዱ ትልቅ ቅናሽ ነው። ዝቅ ብሎ የጀመረ ሰው ወደ ቀድሞ ደመወዙ ለመመለስ ዓመታት ሊፈጅበት እንደሚችልም አውቃለሁ፤ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። በሌላ በኩል ግን ሥራ ሳይዝ የቆየበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ማመልከቻው ላይ የሚመጣው ጥሪ እየቀነሰ እንደሚሄድ በጥናት ታይቷል። ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ደግሞም «ቢጠሩኝስ?» ላለው ጥያቄ መልስ አለው፤ ቢጠሩት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይለቃል። ለመጋዘኑ ድርጅት ከመፈረሙ በፊት የማስጠንቀቂያው ጊዜ ስንት እንደሆነ፣ የሙከራ ጊዜው እስከ መቼ እንደሆነ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደመወዙን እንደገና ለማየት ፈቃደኛ መሆናቸውን ይጠይቅ። ተወው ካላቸው በኋላ ደግመው የደወሉ ሰዎች ናቸው፤ ይፈልጉታል ማለት ነው፤ የሽያጭ ሰው ደግሞ ይህን እንዴት እንደሚጠቀምበት ያውቃል። ለቀድሞ ድርጅቱም አጭር መልእክት ይጻፍ፤ ለጊዜው ሌላ ሥራ መያዙን፣ ሲጠሩት ግን ለመነጋገር ዝግጁ መሆኑን። በሩ እንዳልተዘጋ እሱ ራሱ ማየት አለበት።

አክሲዮኑ ላይ ግን ከባልሽ ጋር ነኝ፤ ግማሽ በግማሽ። ገበያ በወደቀበት ሰዓት በድንጋጤ የሸጠ ሰው ኪሳራውን ያጸድቀዋል። በ2007 መጨረሻና በማርች 2009 መካከል የአሜሪካ ትልልቅ ድርጅቶች አክሲዮን ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቶ ነበር፤ ከነዚህ ሁሉ ወራት በጣም ጨለማ የነበረው ማርች 2009 ግን መነሻው ሆነ፤ ገበያው በአራት ዓመት ውስጥ የቀድሞ ቦታው ላይ ደረሰ። በዚያች ሰሞን ሸጠው የወጡ ሰዎች የመውደቁን ሁሉ ተካፍለው፣ የመነሳቱን ሳያዩ ቀሩ። በሌላ ወገን ከ1929ኙ በኋላ የአሜሪካ ገበያ ወደ ነበረበት ለመመለስ እስከ 1954 ጠብቋል፤ ስለዚህ «ዝም ብለሽ ጠብቂ» ብዬ አልፎክርም። ዋናው ነገር ገንዘቡ የሚያስፈልጋችሁ መቼ ነው? ሌላው ልጅሽ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ የትምህርት ክፍያ የሚያስፈልገው ከሆነ የዚያን ድርሻ ማውጣት አስተዋይነት ነው። የስምንት ዓመቷን ድርሻ ግን ብትተዉት ይሻላል። በፍርሃት ሌሊት ሁሉንም አትሽጪ።

አሁን ወደ ተደበቀው ሒሳብ እንምጣ። ስትጽፊው እጅሽ እንደከበደሽ ይሰማኛል። አልፈርድብሽም። ስትናገሪ የሚሰማሽ ስታጪ፣ ልጆችሽን በእጅሽ ባለው ነገር ለመጠበቅ ሞከርሽ። ሆኖም ሌላ ወር አይደርበት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ እሱ ቀድሞ ካገኘው ግን የሚያነበው «ሚስቴ እኔን ትታ ብቻዋን ተሰናድታለች» ብሎ ነው። ቅስሙ ለተሰበረ ሰው ይህ ከሥራ መባረሩ ያልተናነሰ ነው። አንቺ ቀድመሽ ንገሪው፤ በጠብ መሃል ሳይሆን፣ ማታ ከዜናው በኋላም ሳይሆን፣ ልጆች በሌሉበት አንድ ጠዋት። ብዙ አታስረጂ። «ፈርቼ ነበር፤ ልነግርህ አፈርኩ፤ ይኸው ደብተሩ፣ የሁለታችን ነው» በዪና ደብተሩን እጁ ላይ አድርጊለት። ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። መልስ ለመመለስ አትቸኩዪ።

ይህንን መናገርሽ ስለ ሥራው ከመነጋገራችሁ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ያለዚያ «ሥራውን ያዝ» የምትይው ቃል በኋላ ይቆረቁረዋል። ከሁለቱ ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለዚህ ተዉት። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ አብራችሁ ወጪያችሁን ጻፉ፤ የማይቀረውን በአንድ በኩል፣ ሊቆይ የሚችለውን በሌላው። ያላችሁን በወር ከፋፍሉት፦ መጋዘኑን ቢይዝ ስንት ወር፣ ባይዝ ስንት ወር። አምስት ያልሽው ቁጥር ለሁለታችሁም ዓይን አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ እስካሁን አንቺ ብቻ የተሸከምሽው ይመስለኛል። የቤት ወይም ሌላ ብድር ካለባችሁ ደግሞ አንድም ክፍያ ሳያመልጣችሁ ሄዳችሁ አበዳሪያችሁን አነጋግሩ። ቀድሞ መጥቶ «ተቸግሬያለሁ፣ ጊዜ ስጡኝ» ያለ ሰውና ሦስት ወር ጠፍቶ የተገኘ ሰው እኩል አይታዩም።

ይህ ሁሉ ተነጋግራችሁ «አልይዘውም» ቢልስ? ሊል ይችላል፤ ሕይወቱ ነውና። ያን ጊዜ እንዳትጮሂበት፣ እንዳትለምኚውም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ ቀን። «እስከ መቼ ድረስ ነው የምንጠብቀው? ያ ቀን ሲደርስ ስልኩ ካልተደወለ ምን እናደርጋለን?» ቀኑን እሱ ይምረጥ፤ ቁጠባችሁ ግማሽ ከመድረሱ በፊት ይሁን እንጂ። ወረቀቱ ላይ ይጻፈው። ቀን የሌለው መጠበቅ ነው ማሪየንታል ላይ ያየነው።

ዜናውንም በቀን አንድ ጊዜ አድርጉት። ጠዋት ሰምቶ ከቀትር በፊት ከቤት ይውጣ፤ ለቀድሞ ደንበኞቹ ይደውል፣ ሰው ያግኝ። ስልኩን ማታ ድምፁን ይቀንሰው፤ በሌሊት የሚጠራ አሠሪ የለም።

ለአንቺም አንድ ቃል አለኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ የዚያን ቤት ፍርሃት ብቻሽን ይዘሽዋል። ከባልሽ ሌላ የምትተነፍሺለት ሰው አለሽ? እህት፣ የልብ ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ? ከሌለ በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ፈልጊ። ውሃ ከፍቶ ማልቀስ አንድ ቀን ነው የሚረዳው።

የልጅሽ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። አባቷ ስቆ አለፈው፣ አንቺ ተነስተሽ ሄድሽ። ዛሬ ማታ አጠገቧ ተቀመጪና እንዲህ በያት፦ ኢኮኖሚ ሰው አይደለም፤ ሰዎች ሁሉ የሚሠሩትና የሚገዙት ነገር አንድ ላይ ሲሆን የሚጠራበት ስም ነው። አሁን ብዙ ሰው ትንሽ እየሠራ፣ ትንሽ እየገዛ ነው፤ አባዬም ለዚህ ነው ቤት የዋለው። አባዬና እኔ ምን እንደምናደርግ እየተነጋገርን ነው፤ ስንወስን ለአንቺም እንነግርሻለን። «መቼ ይመጣል?» ብላ ከደገመችብሽ «አላውቅም» በያት።